ከዓሣዋ ጀርባ የሚቆመው ተክል

ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር አንድ ቤት ሾፌር ነኝ። ሾፌር ደግሞ ከግቢው አልፎ ወደ ቤት አይገባም። ሠራተኛዋን ሂሩትን የማውቃት በድምፅ ብቻ ነው፤ ምግቤን በሩ ሥር አስቀምጣ ትጣራና ትገባለች። ድምፅዋ ጎርናና ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እትዬ» ነው የምላት።

ባለፈው ማዳም ለአኳሪየሟ፣ ዓሣ ለምታኖርበት የመስታወት ሣጥን፣ ውሃው ውስጥ ከጀርባ የሚቆም ተክል እንድገዛ ላከችኝ። ባለሱቁ አንድ የሚያምር ቀይ ተክል ይዞ «ክፍሉ ብርሃን አለው?» አለኝ። እኔ ክፍሉን የት አይቼው! ሂሩት ጋ ደወልኩ።

«ይቅርታ እትዬ፣ አስቸገርኩዎት። ክፍሉ ብርሃን አለው?»

«መጋረጃው መቼ ተከፍቶ ያውቃል፣ ወንድሜ! ጨለማ የሚችል አምጣ። ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፤ ትንሿ ዓሣ መደበቂያ አጥታ፣ ምግብም ትታ ልትሞት ነው።»

«እሺ እትዬ። ወገብዎስ እንዴት ነው?»

«ኸላስ፣ በቃ! ቶሎ ና» ብላ ዘጋችው።

ቀዩን ትቼ ጥቁር አረንጓዴውን፣ ቁጥቋጦ የሚመስለውን ገዛሁ።

ከቀናት በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። «ዓሣዋ መብላት ጀመረች። እትዬህ ነኝ» ይላል።

ዓሣዋን ለማየት ፎቶውን ሳጎላው፣ ከጨለማው ቅጠል ፊት ያለው መስታወት ላይ ስልክ የያዘች ሴት ቁልጭ ብላ ትታያለች። በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ቆንጆ ልጅ፣ በሳቅ ፍርስ ብላ።