ማርቆስ ያላወቀው ብልሽት

ማርቆስ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱን ነው፤ ባለቤቱን አይቶ ሲጨርስ መኪናው ያሳዝነዋል። ጋራዡ ከሐዋሳ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሬቱ በዘይት ጠቁሮ የጠጠረ ግቢ ነው። የሚሠራው የናፍጣ ፒክ አፕ ብቻ ነው። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ "ይሄማ የስፌት ማሽን ነው፤ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው" ብሎ ጀርባውን ይሰጠዋል።

አመሉን የማያውቅ ባለመኪና የለም። ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ያስገባል፣ ከዚያ አንገቱን ሳያወጣ፣ "ማነው ይሄንን የነካካው?" ይላል። መልስ አይጠብቅም። የነካካው ማንም ይሁን ማን፣ ለማርቆስ እጅም ዓይንም ያልተፈጠረለት፣ ዳቦ ቤት ቢቀጠር ኖሮ ለአገር የሚሻል ሰው ነው። የነካካው ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ የከፈተው ሮቢ ከሆነማ አለቀ። "ሮቢ መኪና አይሠራም፤ ይገንዛል" ይላል።

ሁለተኛው አመሉ ደግሞ መኪናን ሁሉ ሬሳ ሣጥን ማለት ነው። ከአሞራ ገደል ዓሣ የሚያመላልሰው ፒክ አፕ ሬሳ ሣጥን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ነጭ ደብል ጋቢና ሬሳ ሣጥን ነው። ገና ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣው፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ያልተነሣው፣ እሱም ሬሳ ሣጥን ነው፤ ልዩነቱ ማብረቅረቁ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሊያገባ ተስማምቶ፣ አማቱ ሊሆኑ የነበሩት ሰው በአዲስ ፒክ አፓቸው ሊጠይቁት ቢመጡ፣ ገና ከጋቢናው ሳይወርዱ ያንኑ ቃል ነገራቸው። ሠርጉ እዚያው ቀረ። ማርቆስ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨው ሠርጉ ሳይሆን ሰውየው የዚያን መኪና ፍሪሲዮን ሳያስቀይሩ መሄዳቸው ነው።

ሰው መጀመሪያ መጀመሪያ ይደነግጥ ነበር። ኋላ ለመደው። ሬሳ ሣጥን የተባሉት መኪኖች ሁሉ ክረምት ከበጋ ሲመላለሱ ያየ ሰው ምን ያስደነግጠዋል? ይሰድበኛል እያለም ቢሆን ወደ እሱ የሚመጣው ጆሮውን ስለሚያምን ነው። ማርቆስ ሞተር ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና የታመመውን ቦታ በጣቱ ይጠቁማል። ሲፈታ እዚያው ይገኛል። "አላወቅኩትም" ብሎ የመለሰው መኪና የለም። ይሄንን ራሱም ይናገራል፤ ያለ ንቀት የሚናገረው ይሄንን ብቻ ነው።

ጋሽ ሳሙኤል የብሎኬት ማምረቻ ያላቸው፣ ማርቆስና እህቱ ሐዳሳ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ትዕግሥታቸው ግን ቀጭን። ፒክ አፓቸው ሰኞ ማለዳ አልነሣ ብሎ በገመድ እየተጎተተ ማርቆስ ግቢ ገባ።

"እህሳ?" አሉ ጋሽ ሳሙኤል።

"ሬሳ ሣጥን ነው።"

"እሱን ተወውና ይነሣል አይነሣም?"

"ሄደው ብሎኬትዎን ይቁጠሩ። ነገ እነግርዎታለሁ።"

ብልሽቱ ቀላል ነበር። ናፍጣ የምታመጣው ቱቦ ተሰንጥቃ አየር ታስገባለች፤ አየር የገባበት ናፍጣ ደግሞ ሞተር አያስነሣም። ቱቦዋን ቀየረ፣ አየሩን አስወጣ፣ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ። ከዚያ እግሩን ፍሬኑ ላይ ጣል አደረገ። አንዴ ሲረግጥ ደህና ነው። ደግሞ ሲረግጥ ጠንከር አለ። ደጋግሞ ሲረግጥ ድንጋይ ሆነ።

ከዲናሞው ጀርባ የተለጠፈች ትንሽ ፓምፕ አለች። ሥራዋ ፍሬን ሲረገጥ ለሹፌሩ እግር ጉልበት መስጠት ነው። ያለ እሷ ጭነት የያዘ ፒክ አፕ ቁልቁለት ላይ ማቆም የሚችለው ሹፌሩ በሬ ከሆነ ብቻ ነው። የጋሽ ሳሙኤል መኪና ፓምፕ ውስጧ ተበልቶ አልቋል። ማርቆስ ሞተሩን አጠፋ፤ በማግስቱም ቁልፉን እዚያው ትቶ ሌላ ፓምፕ ፍለጋ ወደ መለዋወጫ ሱቆች ሄደ።

እሱ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ጋሽ ሳሙኤል መጡ። ጋራዡ ውስጥ ማንም የለም። መኪናዋ ትናንት እንደ ተጎተተች ቆማለች መሰላቸው። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ጸለዩ፤ አጥብቀው ጸለዩ፤ ከዚያ ገብተው ቁልፉን ጠመዘዙ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጋሽ ሳሙኤል አለቀሱ ይባላል። እንዳለቀሱ ነድተው ወጡ። ማርቆስ ተመልሶ ግቢውን ባዶ ሲያገኝ ደጋግሞ ደወለላቸው፤ አላነሡም።

እሁድ መድረኩ ላይ ቆሙ። "ባለሙያ አቃተው!" አሉ። "ሰኞ ተጎትታ የገባች መኪና! ባለሙያው ሬሳ ናት አለኝ። ጌታ ግን አስነሣት!"

"አሜን!" አለ ጉባኤው።

ማርቆስ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ጌታ ማስነሣቱን አልተቃወመም። ግን ቱቦዋን በማን እጅ እንደ ቀየራት ቢጠቀስ ምን ነበረበት ብሎ ጥርሱን ነከሰ። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቀጥሎ የተነገረው ነገር ከአግዳሚው አስነሣው።

"ቅዳሜ መዘምራኑ ሀገረ ሰላም ለኮንፈረንስ ይሄዳሉ። በዚችው በተፈወሰችው መኪና፣ እኔው ራሴ እየነዳሁ እወስዳቸዋለሁ!"

የመዘምራኑ መሪ ሐዳሳ ናት። ፊት ለፊት ቆማ ታጨበጭባለች።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ማርቆስ ሰው እየገፋ ሄዶ ጋሽ ሳሙኤልን በር ላይ ያዛቸው።

"ጋሽ ሳሙኤል፣ መኪናውን ይመልሱልኝ።"

"የቱን? የተነሣውን?"

"ፍሬኑ ሊሞት ነው። ለእግር ጉልበት የምትሰጠው ፓምፕ ተበልታለች። ከሀገረ ሰላም ቁልቁል ሲወርዱ ደጋግመው ከረገጡ ድንጋይ ነው የሚሆንብዎት። ኋላ ላይ የተጫነ ሰው ይዘው!"

"ከማክሰኞ ጀምሬ ነድቼዋለሁ፤ ይቆማል።"

"ሐዋሳ ሜዳ ናት! ሐዋሳ ላይ የአህያ ጋሪም ይቆማል።"

ሰው ከበባቸው። ጋሽ ሳሙኤል ሳቅ አሉ። "አንተ ልጅ፣ እስቲ ልጠይቅህ። እስከ ዛሬ ሬሳ ሣጥን ያላልከው መኪና አለ?"

"የእኔንም ብሎታል!" አለ ሙሉጌታ የሚባል የዓሣ ነጋዴ ከጎን። "ከዚያ ወዲህ ስንት ሙሽራ አጅቤበታለሁ!"

"ይሄኛው ግን የእውነት ነው" አለ ማርቆስ።

ቃሉ ካፉ እንደ ወጣ ስሕተቱ ገባው። ሳቁ ግቢውን ሞላው። "የእውነት ሬሳ ሣጥን!" እያሉ ተቀባበሉት። ጋሽ ሳሙኤል ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "ጌታ ይባርክህ፤ ምላስህንም ይፈውሰው" ብለውት ሄዱ።

ቤት ሲገባ ሐዳሳ የመዘምራኑን ልብስ ትተኩሳለች።

"አትሄጂም" አላት።

"እሄዳለሁ።"

"በሌላ መኪና ሂጂ።"

"ልጆቹን በዚያ ጭኜ እኔ በአውቶቡስ? ምን ልበላቸው? ወንድሜ ይሳደባልና መኪናችሁን አላመንኩም?"

"ወንድሜ መካኒክ ነው በያቸው!"

ካውያውን አቁማ አየችው። "ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ 'ይሄ ደህና መኪና ነው' ስትል ሰምቼህ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ አምንህ ነበር።"

ማርቆስ ተናደደ። ደህና መኪና ሳያይ ደህና ነው ሊል ነው? ለከተማው ባለመኪና ሁሉ፣ ለጋሽ ሳሙኤል፣ ለሙሉጌታና ለሙሽሮቹ አንድ በአንድ የሚገባቸውን ስም ሰጣቸው። ሰጥቶ ሲጨርስ ግን የሐዳሳ ቃል እንደ ቆመ ነበር። ሬሳ ሣጥንን ለጭረትም ለላስቲክም ሲያድለው ከርሟል፤ አሁን ለእውነተኛው ሬሳ ሣጥን የሚሰጠው ስም የለውም። ጆሮው እንጂ አፉ በዚህ ከተማ ውስጥ ዋጋ የለውም።

ቅዳሜ ማለዳ መዘምራኑ ከመንገዱ በፊት ለመጸለይ አዳራሽ ገብተዋል። ፒክ አፑ ታጥቦ፣ ኋላው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ደጅ ቆሟል። ማርቆስ ደርሶ ኮፈኑን ከፈተ።

"ምን ልትሠራ ነው?" አለ ጥበቃው።

"ዘይት ላይለት ነው።"

መካኒክ ነውና ጥበቃው ተወው። ማርቆስ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ያለዘባትን ቁራጭ አውጥቶ፣ እሱ ራሱ ባለፈው ሳምንት ሰኞ የቀየራት ቱቦ ውስጥ ወትፎ ቱቦዋን መልሶ አጠበቀ። እጁን ጠርጎ አዳራሹ ጥግ ቆመ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ሥራ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም። ሮቢ እንኳ መኪና ሲያበላሽ ሳያውቅ ነው።

መዘምራኑ እየዘመሩ ወጥተው ተሳፈሩ። ጋሽ ሳሙኤል ቁልፉን ጠመዘዙ፤ ሞተሩ ተነሣ።

"ሃሌሉያ!"

ሞተሩ አንዴ አሳለውና ሞተ።

ደገሙት። ሰለሱት። ከጋቢናው ወርደው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ጸለዩ፤ ቁልፉን ጠመዘዙ፤ ምንም። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ያኔ ዓይናቸው ጥግ ላይ ከቆመው ማርቆስ ጋር ተገናኘ።

"ማርቆስ! ና እስቲ።"

መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። መዘምራኑ ከኋላ ወርደው ከበቡት። ሁሉም የሚመጣውን ያውቃሉ፤ አንዳንዱ ከወዲሁ ፈገግ ብሏል። ማርቆስም አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ማን ነካካው ብሎ ሊጠይቅ ነው? ዝም ብሎ አንዱን ብሎን ነካ አደረገ፣ ሌላውን ጎተተ፣ የናፍጣ ፖምፓውን በመፍቻ መታ መታ አደረገው። በቱቦዋ በኩል እጁ ሲያልፍ ጣቶቹ ይሞቁታል።

"እህሳ?" አሉ ጋሽ ሳሙኤል።

አንገቱን አወጣ። ሐዳሳ ፊት ለፊቱ ቆማለች።

"አላወቅኩትም።"

"ምን አልክ?"

"አላወቅኩትም አልኩ እኮ! ጆሮዎም ውስጥ ብሎኬት ያመርታሉ እንዴ?"

መዘምራኑ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። "ማርቆስ አላወቀም!" አለ አንዱ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ፣ "ጋሼ፣ በናትህ አንዴ ድገማት፤ ልቅረጻት" አለው። ማርቆስ አልደገማትም፤ ያኛው ግን መጀመሪያውንም ቀርጿት ነበር። ከሰዓት በፊት የከተማው ባለመኪና ሁሉ ስልክ ላይ ደረሰች።

ሚኒባስ ተጠርቶ መጣ። መዘምራኑ እየተጋፉ ተሳፈሩ። ሐዳሳ ከመግባቷ በፊት ወደ እሱ ዞር ብላ አየችው። ቢስቁበት ይችለዋል፤ ብትስቅበትም ይችለው ነበር። እሷ ግን አዘነችለት። ጋሽ ሳሙኤል ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ "ሮቢ፣ ገመድ ይዘህ ና" ሲሉ ሰማ።

ሮቢ ፒክ አፑን ጎትቶ በማርቆስ ጋራዥ በር በኩል አለፈ። ወደ ግቢው የሚያስገባ ሌላ መንገድ ነበረው።

ሰኞ ጠዋት ማርቆስ መንገዱን ተሻገረ። ይሄንን መንገድ ተሻግሮ አያውቅም። የሮቢ ግቢ ከሩቅ ከሚገምተው የባሰ ነው፤ መፍቻዎቹ መሬት ላይ ተበትነዋል፣ የተፈታ የሞተር ክዳን፣ ቴስታታ፣ አፈር ላይ ተደፍቷል። አፉን በግድ ዘጋ።

"ኦ! ኢንጂነር!" አለ ሮቢ። "ልትማር መጣህ?"

"ከዲናሞው ጀርባ ያለችውን ፓምፕ ሳትቀይር እንዳትመልስላቸው። ፍሬኑ ይሞታል።"

"ቅዳሜ አላወቅኩትም አላልክም? ቪዲዮው አለኝ እኮ።"

"ሞተሩን አስነሣና ደጋግመህ ርገጠው።"

ሮቢ ከቱታው ኪስ አንዲት የጎማ ቁራጭ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ጠርዟ ተስተካክሎ የተቆረጠ፣ ለቱቦው ልክ የሆነች።

"ይቺን ናፍጣ ቱቦው ውስጥ አገኘኋት። መሥመር ተከትዬ ስፈታ። እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ እዚህ መንገድ ላይ አንድ ነው ያለው።" ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። "ለዚህች ፓምፕ ብለህ ነው?"

ማርቆስ ዓይኑን ወደ ፒክ አፑ መለሰ።

"ብናገር ምን ይሆናል?" አለ ሮቢ።

"የሽማግሌ መኪና ሆን ብሎ አበላሸ ይባላላ። ጋራዤን ዘግቼ ዳቦ ቤት እቀጠራለሁ።"

ሮቢ ቁራጯን እያገላበጠ አሰበ። ሲያስብ ማርቆስ ያየው የመጀመሪያ ጊዜው ነው፤ ከባድ ሥራ ይመስላል። "ካልተናገርኩ ደግሞ" አለ ሮቢ በመጨረሻ፣ "ማርቆስ ያላወቀውን እኔ አወቅኩ ማለት ነው።"

"እንደዚያ ነው።"

"በአፍህ ተናገራት።"

"አንተ አወቅክ" አለ ማርቆስ።

ሮቢ ቁራጯን ወደ ዘይት በርሜሉ ወረወራትና ጋቢናው ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ ፍሬኑን ረገጠ፣ ረገጠ፣ ረገጠ። ከዚያ ወርዶ ዲናሞውን መፍታት ጀመረ። መፍቻውን አያያዙ የቅቤ ናጭ ነው። የማይሆን ቁጥር አስገብቶ የብሎኑን ጥግ ሊበላው ሆነ። ማርቆስ እጁን ኪሱ ከቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያያል። አንዴ "አሥራ አራት ነው" ሊል ከንፈሩ ተላቀቀና መልሶ ገጠመው። ሮቢ ግን ዞር ብሎ አየው፤ መፍቻውን ቀየረ።

ፓምፗ ወልቃ መሬት ላይ ስትቀመጥ ማርቆስ በጫማው ጫፍ ገለበጣት። ውስጧ በጣት የሚዳሰስ ያህል ተቦርቡሯል። ሮቢ ከሱቅ ያስመጣት አዲሷ ገብታ እስክትጠብቅ ጠበቀ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ግቢው ተመለሰ። በሩ ላይ የሚጠብቀው መኪና አልነበረም።