የደብተራ ክንዱ ጋቢ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ይባረክ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቂሙንም ጸሎቱንም ይዞ ኖሯል፤ ጸሎቱም አንድ ብቻ ነበር፤ ደብተራ ክንዱን በእጄ ጣልልኝ የሚል።

ነገሩ ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። እናቱ፣ ጥሩ የምትባል ቤተ እስራኤል፣ ለድብ ባሕር ሰው ጋንና ድስት የምትሠራ ሴት ነበረች። የጎረቤት ልጅ ታመመ። ደብተራ ክንዱ ልጁን በጋቢ ሸፍኖ አጠነና የበላችው ጥሩ ናት አለ። ቡዳ የበላው ሰው በሊታው ከተፋበት ይድናል ይባላልና ጎትተው አምጥተው አስተፏት። ልጁ በማግስቱ ሞተ። ሸክላዋን ሰባበሩ፣ ጎጆዋን አቃጠሉ፤ እሷም ጎንደር ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች። ይባረክ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጎንደር ላይ ተማረ፣ ጤና መኮንን ሆነ። በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ድብ ባሕር ላይ ትኩሳት ገብቶ ሰው እየጨረሰ ነው፣ ደብተራ ክንዱም ባፈና የምትባል ሸክላ ሠሪ በላች ይላል የሚል ወሬ ሲሰማ፣ እኔ ልሂድ ብሎ አለቆቹን ለመነ። አለቆቹ ቅንነቱን አመሰገኑለት። እሱ የፈለገው ክንዱን በዚያው ሕዝብ ፊት ተዋርዶ ማየት ነበር።

ሲደርስ ጭቃ ሹሙ ሕዝቡን ሾላው ሥር ሰብስቧል። ማንም አላወቀውም። የደብተራው የገዛ ልጅ ወለላ አልጋ ላይ ትቃትታለች፤ ባፈናን እንድትተፋባት ይዘው አቁመዋታል። ይባረክ ከወለላ ጣት ጠብታ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፑ ለጭቃ ሹሙ አሳየው። ሽማግሌው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየና፣ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ሲላወስ አያለሁ አለ። በሽታው እሱ ነው፣ ከሰው ሰው የሚያጋባውም ቅማል ነው አላቸው ይባረክ። ደብተራው ሳቀበት፤ የቡዳ ዓይን በመስታወት አይታይም ብሎ።

ይባረክ ድምፁን ሳያነሳ ጠየቀው።

«አያ ክንዱ፣ የታመሙትን ሁሉ ሸፍነው ያጠኗቸው በየትኛው ጋቢ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ደብተራው ትከሻ ዞረ። ከቤት ቤት የዞረው፣ በመጨረሻም ወለላን ያለበሳት ያው ጋቢ ነበር። ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ተነሥታ፣ እንግዲያ ልጆቼን የበላ እሱ ነው አለች።

«ሐኪም፣ ቡዳው እሱ ነው?» አለ ጭቃ ሹሙ።

ቡዳ የሚባል የለም ማለት ነበረበት። ያስተማሩትም ለዚህ ነው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ግን የእናቱ አፍ፣ ምራቅ ያጣው አፏ ታየው። ጎንበስ ብሎ መርፌውን ማዘጋጀት ያዘ። ደብተራውን ማጅራቱን ይዘው ወለላ ላይ አስተፉት፤ የእሱም አፍ ደርቆ ነበር። ይባረክ ቀና ብሎ እስከ መጨረሻው አየ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጣፈጠው። ከዚያ ወለላንም ሌሎቹንም በሽተኞች ፔኒሲሊን ወጋ።

በሦስተኛው ቀን ወለላ ተነሥታ እህል ቀመሰች። የበላት ተፋባት፣ ዳነች አለ አገሩ። መርፌውን ያነሳ አልነበረም። የክንዱን ጎጆ አቃጠሉት፤ እሱም በዚያው በጎንደር መንገድ ተሰደደ።

ይባረክ ሳጥኑን ማኪና ላይ ሲጭን ባፈና መጣች። ልታመሰግነው መስሎት ቆመላት።

«ምነው ልጄ፣ ቡዳ የለም ሳትላቸው ቀረህ?» አለችው። «አሁንማ ሐኪምም መሰከረ እያሉ ነው። ነገ ሌላ ሰው ሲታመም እኔን ነው የሚያመጡኝ።»

ይባረክ ሳጥኑን ጭኖ ሄደ። በዓመቱ ክረምት አመጧት።