በበሩ ግባ

አጎቴ ገንዳ ውሃ ከተማ ባለው ግቢያቸው ውስጥ ሊሠሩት ያሰቡትን ቤት በዱላቸው መሬት ላይ ይሥሉት ነበር። ክረምት ያጠፋዋል፤ ሰሊጥ ታጭዶ ሲያልቅ ሳሎኑን ሰፋ አድርገው እንደገና ይሥሉታል። እኔ በእጄ ያልዳሰስሁትን የማላምን የጤና ባለሙያ ነኝ። መስመሩን ረግጬ ሳልፍ፣ «በበሩ ግባ እንጂ ልጄ! ግድግዳ ታፈርሳለህ?» ይሉኛል። «መጀመሪያ ቆርቆሮውን ይግዙ» እላቸዋለሁ።

የቀብራቸው ዕለት ጎረቤቶች የድንኳን ምሰሶ ተሸክመው መስመሩን ሊረግጡ ሲሉ፣ «በበሩ ግቡ!» ብዬ ጮህሁ። ደንግጠው ቆሙ። በሩ የታየው ለእኔ ብቻ ነበር።

አሁን ድንኳኑ ተነሥቷል፤ መስመሩም በለቀስተኛ እግር ጠፍቷል። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ከጧት ጀምሮ ዱላቸውን ይዤ ባዶው ግቢ ውስጥ እንቆራጠጣለሁ። ሳሎኑንና በሩን መልሼ ሥያለሁ። መስኮቱን በየት በኩል እንዳሰቡት ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።