የመቀናጆዬ ልጅ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለልጄም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ በየጾሙ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" እያልኩ፣ መስቀል ተሳልሜ ስወጣ ኖሬያለሁ። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። አሁን ራሴ ልጻፈው ብያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዕር ከእርፍ ይከብደኛል። ቢሆንም ሰው አስጽፌ የሌላ ሰው አፍ አላስገባውም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምጽፈውም እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ጆሮ ጠቢ ነበርኩ። ስሙ ይኸው ነው፤ የሚያምር ስም አልፈልግለትም።

አስገድደውኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። አላስገደዱኝም። ወገዳ ገበያ ውዬ ስመለስ ኮት የለበሰ ሰው መንገድ ላይ ተቀላቀለኝ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ ሲያወራኝ ቆይቶ "ከማን ጋር ተጣልተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

"ከማንም" አልኩት።

"እኛም የሰማነው እሱን ነው። ጠበኛ ሰው አይጠቅመንም፤ ጠበኛን ማን አምኖ ያወራዋል? የምንፈልገው ከሁሉ ጋር መሶብ የሚቀርብ ሰው ነው።"

ሰው ስለሚወደኝ መረጡኝ። እኔስ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ገበሬ እኔን ለይተው በማየታቸው ደስ አለኝ። ይህን ደብቄ ሌላውን ብናገር ዋጋ የለውም።

ለሚስቴ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ አለብኝ ብዬ ንፋስ መውጫ ሄድኩ። ከከተማው ዳር አንድ ቆርቆሮ ቤት አስገቡን። እርስ በርስ ስም መጠያየቅ ክልክል ነበር፤ እኔን "ገብሱ" አሉኝ። ጠመንጃ ያስተምሩናል ብዬ ነበር። ያስተማሩን ማዳመጥ ነው። ገበያ ይልኩንና ስንመለስ ማን ከማን ጋር ቆመ፣ ማን ሲያየን ወሬውን አቋረጠ ብለው ይጠይቁናል። መጻፍ የለም፤ ሁሉን በሆድ መያዝ ነው። አስተማሪያችን ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር።

"አትጠይቁ" ይለን ነበር። "ጥያቄ ሰውን ያስፈራል። አስቀድማችሁ እናንተ አማርሩ። ቁስልህን ፈትተህ ስታሳየው እሱም የራሱን ይፈታልሃል። የውሸት ቁስል ግን አይሆንም፤ ገበሬ ያሸታል።"

አንዱ ሠልጣኝ "እኔ ቁስል የለኝም" ቢለው፣ "ሚስትህን ጠይቃት፣ እሷ አታጣልህም" አለውና ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ግን ትምህርቱ ገባኝ። ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለእኔ ይመስለኛል።

የእኔ ቁስል ልጄ ነበር። ለውትድርና ዕድሜው ደርሶ ነበርና እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ይህ እውነት ነው። እውነቱን ነው ወጥመድ ያደረግሁት።

እንየው መቀናጆዬ ነበር። እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ፤ በአንድ ቀንበር አቀናጅተን ዛሬ የእሱን፣ ነገ የእኔን እናርሳለን። ከመቀናጆ የሚደበቅ የለም፤ ጎተራህን ያውቃል፣ ረሃብህን ያውቃል። እንየው ተረበኛ ነበር። "በሬህ አንተን መስሏል" ይለኝ ነበር፤ "አንገቱን ደፍቶ የእኔ በሬ እስኪስብለት ይጠብቃል።"

የእንየው ልጅ ሞላ ለውትድርና ሲፈለግ ከቤት ታጣ። አባቱ "ለሥራ ሑመራ ወርዷል" ብሎ አስወራ። ኮት የለበሰው ሰው አላመነም። "አንተ መቀናጆው ነህ" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገው።

ስናርስ ቆይተን በሬዎቹን ለማሳረፍ ስንቀመጥ፣ እንደተማርኩት አማረርኩ። "ልጄን ሊወስዱብኝ ነው እንየው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ምን ይሻለኛል?" አልኩት። እንባዬ መጣ። የውሸት እንባ አልነበረም። ይህም ኃጢአቴን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

እንየው ክንዴን ያዘና "ተው እንግዲህ፣ በሬዎቹ ይታዘቡሃል" አለኝ። "የኔ ልጅ ሑመራ አይደለም። ቆላ እኅቴ ዘንድ፣ ከቤቷ በታች ዋሻ ውስጥ ነው። ልጅህን ስጠኝ፤ እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ። ሁለት ቢሆኑ ይሻላቸዋል፤ አንዱ ሲተኛ አንዱ ይጠብቃል።"

አልጠየቅሁትም። ምሥጢሩን ያወጣው የእኔን ልጅ ለማዳን ነው። ያን ጊዜ አፌን ብዘጋ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ወይስ እሺ ብዬ ልጄን ብሰጠውስ? ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር። እኔ ወገዳ ወጣሁና ተናገርኩ። የእኅቱን ቤት፣ ዋሻውን፣ የሚወረድበትን መንገድ፣ ሁሉን እኔ ተናገርኩ።

ሞላን ያዙት። ሲወስዱት ገደሉ አፋፍ ላይ ሊያመልጥ ሮጠና ተኮሱበት። ሞተ። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ይህን የነገረኝ ኮት የለበሰው ሰው ነው። "ለቤተሰቡ ግን ዘምቷል ነው የሚባለው፤ አንተም የምታውቀው እሱን ነው" አለኝ። የእኔን ልጅ ማንም አልጠራውም። ዛሬ ባሕር ዳር ነው፤ ለበዓል ይደውላል።

እንየው እኔን አልጠረጠረም። ያስያዘችው እኅቴ ናት ብሎ ከእኅቱ ጋር ተቆራረጠ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ "ዘመድ እንዲህ ነው" አልኩት። አዎ፣ ይህንንም ብያለሁ። ወንድምና እኅት ሳይታረቁ ሁለቱም አፈር ገቡ።

የእንየው ሚስት ይታይሽ ብቻዋን ቀረች። መሬቷን ዓመት በዓመት አረስኩላት። አገሩ መረቀኝ። መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ ሲመለስ፣ ይታይሽ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። እኔ በአጠገቧ አልፌ ገበያ ሄድኩ። መሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም። ልጇን አላለቀሰችውም። ይልቅ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ስለት ታስገባለች፤ ልጄን መልስልኝ ብላ። በሞተበት ዕለት እንዲመለስ ትለምናለች፣ እኔም ከጎኗ ቆሜ አሜን እላለሁ። ከማስያዜ ይልቅ ይህ አሜን የሚብስ አይመስላችሁም? እኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ለማንም አማርሬ አላውቅም። ሚስቴ ስትሞት ለቅሶ የመጣው ሰው "አይዞህ" ሲለኝ ተነሥቼ ወደ በረት ሄድኩ። ሊያጽናናኝ አፉን የሚከፍት ሰው ሁሉ እንየውን ይመስለኛል። ቤቴ ሰው አይገባም፤ እኔም የሰው ቤት አልገባም።

ዘንድሮ ይታይሽ ከአልጋ ዋለች። አስጠራችኝ።

"አያ፣ እኔ መሄዴ ነው" አለችኝ። "ሞላ ሲመጣ የመሬቱን ድንበር አንተ አሳየው። ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም።"

"እት ይታይሽ፣ ሞላ አይመጣም።"

"ማን አለ?"

"ሞቷል። ያን ጊዜውኑ ነው የሞተው፣ የሚካኤል ዕለት።"

"በኅዳሩ?"

"በኅዳሩ።"

ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ "አንተ በምን አወቅህ?" አለችኝ። ሰው ነገረኝ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

"ያስያዝኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"እኅትየዋ አይደለችም?"

"አይደለችም። እኔ ነኝ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ቄሱን ጥራልኝ" አለች። "አንተ ግን አትመለስ።"

ቄሱን ጠራሁ። አልተመለስኩም። ሞላ በክርስትና ስሙ ተፈታ፤ ተዝካሩም ወጣ። ሰው ሁሉ በደጄ ሲያልፍ "አንተ የቤቱ ሰው፣ ምነው አትነሣም?" ይለኝ ነበር። ለካ ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች አላውቅም። እሷ ዝም ብትል እኔ በዝምታዋ ውስጥ ልደበቅ? ስለዚህ ጻፍኩት፤ ለቄሱም እሰጣቸዋለሁ፣ ለሰበካው ያንብቡት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የይታይሽ ነው። እሷም አላለችም። ልክ ናት።