የሦስት ሰዓቱ ፊርማ

በደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ከአንኮበር በታች ላለች አነስተኛ ጤና ጣቢያ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚሠሩ አምፖሎችን እንድተክል ተጠየቅሁ። ሁለቱን በማዋለጃው ክፍል ጣሪያ ላይ አሰርኋቸው። የቀረው ፍተሻው ነበር፤ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ በባትሪ ብቻ ሦስት ሰዓት መዝለቃቸውን ተቀምጦ ማየት።

ማብሪያውን ስዘጋ ዘበኛው፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን ሰው፣ ሳቀብኝ።

«ጌታው፣ መብራት ያመጣሉ ስንል ያለውንም አጠፉት!»

ዕለቱ የእርሱ ዝክር ነበርና እኔንና ያመጣኝን ሾፌር ጠበል ጠዲቅ ቅመሱ ብሎ ቤቱ ወሰደን። የዝክር ጥሪ አይገፋም። ጊዜው ሲደርስ ተመልሰን ስንገባ አምፖሎቹ ቦግ ብለው ይበራሉ። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሲኖር ብቻ የምትታየው አረንጓዴ ምልክትም በርታለች፤ ለካ የሚበሩት በባትሪው አልነበረም።

«ማብሪያውን የነካ አለ?» አልሁ።

«እኔ ነኛ! እናንተን ጠላው ላይ አስቀምጬ፣ ብቅ ብዬ መለስሁት። አዲስ ዕቃ ሳይሠራበት ይለቅ? ያሳዝናል እኮ!»

ባትሪው ዳግም ሞልቶ በማግሥቱ ፍተሻው እንዲደገም ማዘዝ ነበረብኝ። ሾፌሩ ግን ጉሙ ዳገቱን ሳይዘጋው እንውጣ እያለ ቁልፉን ያቅጨለጭላል፤ ዘበኛውም በዝክሩ ቀን እንዲወቀስ አልወደድሁም። በቅጹ ላይ «ሦስት ሰዓት» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ያላያችሁትን አትፈርሙ እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

በክረምቱ፣ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ሳለ መብራት ሄደ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ የፈረምሁትን ወረቀት አምና፣ ሦስት ሰዓት አለኝ ብላ መስፋት ጀመረች። አምፖሎቹ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። ባትሪዎቹ ከመነሻው ደካሞች ነበሩ፤ ፍተሻው ቢፈጸም ይህንኑ ይገልጥ ነበር። በስልክ ብርሃን ጨረሰች፤ እናቲቱ ግን ወደ ደብረ ብርሃን ስትወሰድ መንገድ ላይ አረፈች።

አዋላጇ ቤቴ ድረስ መጣች።

«መምህር፣ እኔ ያበላሸሁት ነገር ይኖር ይሆን? ሳጸዳ ማብሪያውን አጥፍቼ ረስቼው፣ ባትሪው ሳይሞላ ቀርቶ?»

«ባትሪ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይደክማል» አልኋት።

ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ሥራዋን መተዋን የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ሁለት ዓመት ከራሴ ጋር ስሟገት ቆይቼ፣ ባለፈው በጋ ወደ አዋላጇ አገር ወደ አረርቲ ወረድሁ። በእናቷ የእህል መደብር ሽንብራ ስትሰፍር አገኘኋት። ገበያተኞቹ እስኪወጡ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኋት። ዘበኛውን አላነሣሁም፤ ፊርማው የእኔ ነው።

መስፈሪያውን ሽንብራው ላይ አስቀመጠች።

«ያን ቀን ቤትዎ ስመጣ ቢነግሩኝ ኖሮ» አለች፣ «እኔ ዛሬም አዋላጅ ነበርሁ።»

አንዲት ሴት ዘንቢል አንጠልጥላ ገባች፤ አዋላጅ የነበረችውም መስፈሪያውን አንሥታ ወደ ሽንብራው ዞረች።