ትርንጎ ቤት የገዛችበት ክረምት

ትርንጎ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ወጥታ ደብረ ብርሃን ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የሠራችው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የብርድ ልብስ ጠርዝ ትሰፋለች። የተከራየቻቸው ቤቶች ግን አሥራ አንድ ናቸው። አንዱ አከራይ ማታ በሦስት ሰዓት መብራት አጥፊ ይላታል፤ ሌላዋ የምትቀዳውን ውኃ በጀሪካን ትቆጥርባታለች። አንዷ ደግሞ፣ እሷን ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ልጅሽ ጮክ ብላ ስታነብ ግድግዳዬ ይሰነጠቃል ብላ አስወጥታታለች። ልጅቷ ቤተልሔም አንብባ አንብባ ዛሬ ሰላ ድንጋይ አስተማሪ ሆናለች። ግድግዳውም እስከ ዛሬ አልወደቀም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ትርንጎ ከደመወዟ እየቆነጠረች ስታስቀምጥ ኖረች። ከአባቷ የደረሳትንም ባሕር ዛፍ አስቆርጣ ሸጠች። ያንን ይዛ ደላላው ዮናስ ዘንድ ስትሄድ፣ ዮናስ ሳቅ እንደ መያዝ አደረገው።

«እትዬ ትርንጎ፣ በዚህ ብር አዲሱ ሰፈር የግቢ በር እንኳ አይሸጡልሽም። ግን አንድ አሮጌ ቤት አለች፤ እሷን ላሳይሽ» አላት።

አሮጌዋ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው የድሮ ሰፈር ናት። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከኋላዋ ማድ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ አንድ ትልቅ ጽድ። ባለቤቷ እማማ ይመኙሻል፣ የመሪጌታ ዘርአ ዳዊት ሚስት፣ ባላቸው እስኪሞቱ ድረስ ከሳቸው ጋር፣ ከዚያም ብቻቸውን፣ አርባ ዓመት ኖረውባታል። አሁን ጉልበታቸው እንቢ ስላለ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ፍሥሐ ሊወስዳቸው ነው። ቤቷም የምትሸጠው ለዚሁ ነው።

ደላላ ቀን አይመርጥምና ዮናስ ትርንጎን ያመጣት ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ነበር። እማማ ይመኙሻል የማርያምን ማኅበር ደግሰው፣ ቤቱ በሃያ ማኅበርተኛ ጢም ብሏል። ትርንጎ አፍራ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላ ወደ ኋላ ስትል፣ ከውስጥ «ምን ሲደረግ! በማርያም ቀን ደጄ የደረሰ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም!» የሚል ድምፅ መጣ። ዮናስ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ሹልክ አለ። እሷ ግን ገብታ ባዶ ያገኘችው አንድ መቀመጫ ላይ፣ ከካህኑ በስተቀኝ፣ ኩምሽሽ ብላ ተቀመጠች።

ያ መቀመጫ የተረኛዋ የወይዘሮ ሠናይት ነበር። ሠናይት ማድ ቤት ዕቃ ልታጥብ ብድግ ብላለች። የማኅበሩ ካህን መምሬ ኃይለኢየሱስ ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰው የሚያውቁት በድምፁና በመቀመጫው ነው። ጸሎቱን አድርሰው ሲያበቁ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አንሥተው ወደ ቀኛቸው ዞሩ።

«እንኪ ልጄ። እመቤታችን ለሐምሌ በሰላም ታድርስሽ።»

ጽዋውን የተቀበለ ሰው በሚቀጥለው ወር ማኅበሩን ይደግሳል። ይህን ትርንጎ አሳምራ ታውቃለች። ሌላ ሰው ቢሆን «አባቴ ተሳስተዋል፣ እኔ ቤት ለማየት ነው የመጣሁት» ባለ ነበር። ግን የአንኮበር ልጅ ከካህን እጅ የተዘረጋን ጽዋ እንቢ ማለት የት ታውቃለች! ተንበረከከች፣ ተሳለመች፣ ተቀበለች። እልል ሊል የተከፈተው አፍ ሁሉ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ሠናይት እጇ እየተንጠባጠበ ገብታ «ተራዬን ማን ወሰደው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምሬ ነገሩ ሲነገራቸው እሳቸውም ሳቁ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እመቤታችን ግን አትሳሳትም። የተቀበለ ተቀበለ ነው» አሉ።

«አባቴ» አለች ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ቤት የለኝም።»

ሳቁ ቆመ። መምሬ ግን «እስከ ሐምሌ ወር ሙሉ አለሽ» አሏት።

ጽዋዋን አቅፋ ወደ ኪራይ ክፍሏ ተመለሰች። ክፍሏ በርዝመት አራት እርምጃ ናት፤ አከራይዋ ከሁለት በላይ እንግዳ አይፈቅዱም። ያም ሳያንስ፣ በሦስተኛው ቀን ዮናስ ደውሎ ሌላ ገዢ እንደ መጣ ነገራት። ሰውየው ቤቱን አፍርሶ የዕቃ መጋዘን ሊሠራበት ነው፤ ዋጋውንም አብዝቶ ጨምሯል። ፍሥሐ በስልክ ተስማምቷል፤ በሐምሌ መጥቶ ይፈራረማል። ትርንጎ፣ እውነቱን እንናገር፣ አለቀሰች። ያቺን ቤት ያየቻት አንድ ቀን ነው፤ ግን እዚያው ተቀምጣ ሳለ ልቧ አልጋዋን የት እንደምትዘረጋ ሳይቀር ወስኖ ነበር።

በማግስቱ ጽዋዋን ይዛ እማማ ይመኙሻል ዘንድ ሄደች። «ቤቱስ ይቅር እማማ፣ የሰው ዕድል ነው። ጽዋዋን ግን ለወይዘሮ ሠናይት ያስረክቡልኝ። ሃያ ሰው የማስቀምጥበት የለኝም።»

«ጽዋ ወደ ኋላ አይመለስም ልጄ» አሉ እማማ። «የቤቱን ነገር እኔና ልጄ ገና እንነጋገራለን። አንቺ ግን እዚሁ ደግሺ። ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የኔ ነው፤ ማን ይከለክልሻል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርንጎ ከፋብሪካ ስትወጣ መንገዷ ወደ ድሮው ሰፈር ሆነ። ጌሾ ወቀጠች፣ ብቅል አስፈጨች። የመጀመሪያዋን ጋን በጀርባዋ አዝላ የመጣችው ሠናይት ናት። «ተራዬን ብትወስጂም ጋኑ የኔ ነው፤ እንዳትሰብሪው» አለቻት። ሌላዋ ጎረቤት አግዳሚ ወንበር አመጣች፣ አንዷ ብርጭቆ። ትርንጎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኖረችበት ከተማ፣ በስሟ የሚጠራት ሰው እንደዚያን ሰሞን በዝቶላት አያውቅም። እቤቷ ስትገባ «እግዜር ይስጣቸው፣ እግዜር ይስጣቸው» እያለች ብቻዋን ታወራ ነበር።

ክረምቱ በርትቷል። ሳሎኑ ውስጥ፣ ልክ መምሬ ከሚቀመጡበት በላይ፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ እማማ ከሥሩ ሳፋ ደቅነውበታል። ትርንጎ ብትጠይቅ «ስድስት ክረምት ሆነው። ፍሥሐ ሲመጣ ያሠራዋል» አሏት። እሑድ ዕለት አንድ ቆርቆሮና ለቀዳዳ መድፈኛ አንድ ጣሳ ካትራሜ ገዛች፤ መሰላል ተዋሰች፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወጣች። ሴት ጣሪያ ላይ ወጣች ተብሎ ሰፈሩ ለትርኢት ደጅ ፈሰሰ። ሠናይት ከታች መሰላሉን ይዛ «ከወደቅሽ ተራው ወደ እኔ ይመለሳል፤ ተጠንቀቂ!» ትላለች። ትርንጎ እየሳቀች ሚስማር መታች። መሳቋ እውነት ነው፤ በሐምሌ ማለቂያ የሚፈርስ ቤት እንደምትጠግን ግን አልዘነጋችም፣ ያም ያንገበግባት ነበር።

ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ አለ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ዳቦው ተቆርሶ ሳለ፣ ፍሥሐ በስብሶ ከአዲስ አበባ ደረሰ፤ በማግስቱ ከገዢው ጋር ሊፈራረም ነው። ሃምሳ የሚጠጋው፣ ጨዋ፣ ዝም ያለ ሰው ነው። መምሬን ተሳልሞ ሊቀመጥ ሲል ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ወንበሩንም እንደ ቤቱ ልማድ ከጠብታው ገለል አደረገ። ተቀምጦ ጠበቀ። ቆርቆሮው ላይ ውርጅብኙ ይንጫጫል፤ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«እማዬ፣ ጣሪያውን ማን ሠራው?»

እማማ በአገጫቸው ወደ ትርንጎ ጠቆሙት። እሷ ጆግ ይዛ ጠላ እየቀዳች ነበር። ፍሥሐ ተነሥቶ ማድ ቤት ድረስ ተከተላት።

«እህቴ፣ ቤቱ ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«እና?»

«እና…» አለች ትርንጎ ጆጉን እየሞላች። «መምሬ ዝናብ እየወረደባቸው ይቀመጡ?»

ፍሥሐ የማድ ቤቱን መቃን ተደገፈ። ከዚያ «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘንድሮ አሠራዋለሁ ስል ከረምኩ» አለ። ድምፁ ውስጥ ኀፍረት ነበር፤ ትርንጎ አሳዘናት። «እማዬ ሥጋዋ ነው የሚመጣው፣ ልቧ እዚህ ይቀራል። ያ ሰውዬ ቤቱን ሲያፈርሰው ደግሞ ተመልሳ የምትመጣበት ደጅ የላትም።»

«ለበዓሉም ለማኅበሩም እኔ ዘንድ…» ብላ ጀመረችና ትርንጎ ምላሷን ነከሰች። እኔ ዘንድ የቱ ዘንድ? የማን ቤት ይዛ ነው የምትጋብዘው?

ፍሥሐ አያት። ስልኩን ከኪሱ አወጣና እዚያው፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ደወለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ «ቤቱ ተሽጧል። … አዎ። እናቴ ለሰፈሯ ሰው ሸጣዋለች።»

ትርንጎ ጆጉን ይዛ ወደ ሳሎን ገባች። ልቧ ሌላ ጋ ነበርና ጠላውን በመምሬ ጋቢ ላይ ቀዳችው። «ምን ሆነሻል ልጄ?» ቢሏት ጋቢውን በነጠላዋ ታብስ ጀመር፤ ፍሥሐ ተከትሏት ገብቶ በጆሯቸው የነገራቸው እማማ ይመኙሻል ናቸው «ቤቱ የሷ ሆነ» ብለው የመለሱላት። ባለፈው ወር የተቆረጠው እልልታ ያን ጊዜ ነው የወጣው፤ ከሁሉ አስቀድማ ያወጣችውም ሠናይት ናት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ ትርንጎ ደግሞ ድግሱን በገዛ እጇ ጠምቃዋለች።

ትርንጎ ባላት ብር ተዋውለው የቤቱ ስም በነሐሴ ዞረ። እማማ ከመስቀል በኋላ ሄዱ፤ ሲሄዱ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ወጡ እንጂ ብዙም አልተናገሩ። ትርንጎም ቀስ እያለች ቤቷን ለመደች። አንዳንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ፣ ሻይ እንኳ ሳታፈላ፣ ዝም ብላ ተቀምጣ «ተመስገን» ትላለች።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ ጎመን ስትቀነጥስ ከበር ውጭ ተጣሩ።

«ቤቶች!»

ትርንጎ ቀና አላለችም። ተከራይ ቤቶች ሲባል ደጆች ብሎ አይመልስም፤ የሚጠሩት አከራዩን ነው፣ የሚመልሰውም አከራዩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ጥሪ ለሌላ ሰው ሲጣሩ ሰምታ እያለፈች ኖራለች። ጎመኗን መቀንጠሷን ቀጠለች።

«ቤቶች! ኧረ ሰው የለም ወይ?»

ያን ጊዜ እጇ ቆመ። ጎመኑን ጥላ ወጣች። በግቢው በር ስንጥቅ እማማ ይመኙሻል ይታያሉ፤ በትራቸውን ተደግፈው፣ አርባ ዓመት በእጃቸው የከፈቱትና የዘጉት በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ውይ እማማ! በገዛ ቤትዎ ደጅ ይቆማሉ?»

«አይ ልጄ» አሉ ከወዲያ ማዶ። «የሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም። ይልቅ መልሺልኝ።»

ትርንጎ የበሩን መወርወሪያ ያዘች። ለጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ «ደጆች!» አለችና በሩን ከፈተችላቸው።