የእጅ ወለምታ

ክሬን መንዳት የተማርኩት በደንብ ነው፤ ክሬን ላይ ሥራ ያገኘሁት ግን «አልተማርኩም» ብዬ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ቤታችን ጉለሌ ዳገቱ ላይ ነው። ከደጃፋችን ቁልቁል ሲታይ ከተማው በክሬን ተወርሯል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ይህን ሁሉ ብረት የሚያንቀሳቅስ ሰው መቼም ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቤ ስህተት አልነበረውም። ሰው ያስፈልጋል። ያልጠየቅኩት ነገር ቢኖር ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በምን መንገድ እንደተቀመጠ ነው።

ከሰፈራችን ራቅ ያለ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ገባሁ። ማሰልጠኛው አንድ ክሬን ነበረው። ያነሣል፣ ያወርዳል፤ አይዞርም። የሚያዞረው ክፍል ተበላሽቶ መለዋወጫ ሲጠበቅለት እኛ ተመረቅን፤ ስለዚህ መዞርን የተማርነው ሰሌዳ ላይ ነው። አሰልጣኛችን ግን ሰነፍ ሰው አልነበረም። ማሽን ቢያንሰው በእጅ ምልክት ገደለን። ክሬን የሚነዳ ሰው ጭነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አያየውም፤ መሬት ላይ ቆሞ በእጁ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። አንሣ፣ አውርድ፣ ቀስ በል፣ ወደ ግራ አዙር፣ ለሁሉም የራሱ ምልክት አለው። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ተሰልፈን እጃችንን ስናነሣና ስንጥል በአጥር አሾልቆ የሚያየን ሰው የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ሳንመስለው አንቀርም። ከሁሉም በላይ አንዱን ምልክት አጥብቆ ያዘብን። ሁለት ክንድ ግራና ቀኝ ይዘረጋል፣ መዳፍ ወደ መሬት ይሆናል፣ ከዚያ በኃይል ማወዛወዝ ነው። «ሁሉንም አቁም» ማለት ነው። «ይህን ማንም ቢሰጣችሁ፣ ዘበኛም ቢሆን፣ ትቆማላችሁ» ይለን ነበር። በእንቅልፋችን እንኳ እንድንሠራው አድርጎ ነው የለቀቀን።

የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲ የሚባለውን፣ አለፍኩ። መንጃ ፈቃዱንም አወጣሁ። የእንዲህ ዓይነት ማሽን መንጃ ፈቃድ ምድቡ «ልዩ» ነው የሚባለው። የሰፈር ጓደኞቼ ይህን ሰምተው መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስደርስ «ልዩው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ይባባላሉ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ባየሁ ቁጥር አንኳኳለሁ። ዘበኛው «ለቀን ሥራ ነው?» ይለኛል፤ «ኦፕሬተር ነኝ» እለዋለሁ፤ ከእግር እስከ ራሴ ያየኝና ያስገባኛል። ውስጥ ያለው ሰውዬ ወረቀቴን ያገላብጥና «ልምድ?» ይላል። የለኝም። «ያለ ልምድ ይህን የሚያህል ማሽን እንዴት እንስጥህ?» ይለኛል። እሺ፣ ማሽን ሳትሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? ሱቅ ውስጥ በኪሎ ይሸጣል እንዴ? ይህ ጥያቄ አፌ ላይ እየደረሰ መልሼ እውጠዋለሁ። አንዱ ግቢ ግን አልዋጥኩትም፤ ዘበኛው ክንዴን ይዞ ነው ያስወጣኝ። እናቴ ማታ ስገባ ፊቴን እያየች መጠየቅ ተወች። አንድ ቀን ብቻ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ቁልቁል ክሬኖቹን እያየች፣ «ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ እኮ ልጄ» አለችኝ። በጣም ተናደድኩባት፤ እውነቷን ነበር።

መላውን የነገሩኝ አዲሱ ገበያ ፌሮና ሚስማር የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ለሕንፃ ሠሪው ሁሉ ብረት የሚያቀርቡ፣ የየግቢውን ወሬ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ብሶቴን ስዘረግፍ ሰምተው ሰምተው፣

«አንተ ልጅ፣ ጥፋትህ መማርህን መናገርህ ነው» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ኦፕሬተር የሚወጣው ከረዳትነት ነው። ረዳቱን የሚመርጠው ደግሞ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ያልተማረውን ያስተምረዋል፣ የተማረውን ይፈራዋል። ወላሂ፣ ስንቱን አይቻለሁ። አንድ የማውቀው ኦፕሬተር ረዳት ይፈልጋል። ሂድ፤ ወረቀትህን ግን ቤት ተወው። ዝም አይነቅዝም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሄድኩ።

ክሬኑ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ አንድ ሕንፃ ላይ የሚሠራ ባለ ጎማ አሮጌ ማሽን ነበር። ባለቤቱ በሰዓት የሚያከራየው ነጋዴ ነው። ኦፕሬተሩ ሃምሳን ያለፉ፣ ከሚስታቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከማሽኑ ጋር በስድብ የሚነጋገሩ ሰው ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

«ማሽን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ጎሽ። ነገ ና።»

ሥራ ፍለጋ ከወጣሁ ወዲህ ተጠይቄ ያለፍኩት ይህን ፈተና ብቻ ነው።

ሥራዬ ጠዋት ሞተር ማሞቅ፣ ግራሶ መቀባት፣ ክሬኑ ሲቆም በጎንና በጎኑ ከሚዘረጋቸው የብረት እግሮች ሥር ጣውላ መደርደር ነበር። ቦታው ዳገት ስለሆነ በቁልቁለቱ ወገን ጣውላው ይበዛል። ሌላም ረዳት ነበር፤ የጋሼ አማች፣ የሚስታቸው ወንድም፣ ሳቂታና ልቡ ንጹሕ ሰው። ጋሼ ሁለታችንን አቁመው ያስተምሩናል። «ይህ መንጠቆ ይባላል።» እሺ ጋሼ። «ይህ ደግሞ ገመድ ነው፤ የብረት ገመድ ነው።» ይገርማል ጋሼ። አላዋቂ መምሰል ከመማር ይከብዳል። መልሱን የማውቀውን ጥያቄ መጠየቅ፣ አንዳንዴም ሆን ብዬ መሳሳት ነበረብኝ። አማቻቸው ሲሳሳት ግን የምሩን ነው፤ ጋሼም በትዕግሥት ደግመው ያሳዩታል፣ እኔም አብሬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ማታ ቤት ስገባ የሚያደክመኝ የጉልበት ሥራው አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ምላሴን ነክሼ መዋሌ ነው።

ቢሆንም መላው ሠራ። በምሳ ሰዓት፣ ግቢው ባዶ ሲሆን፣ ጋሼ ወንበራቸውን እየለቀቁልኝ ባዶ የኮንክሪት ባልዲ ያስነሡኝ ጀመር። ክሬን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዞርኩት ያኔ ነው። ያ ሁሉ ብረት በእጄ እየዞረ፣ አዲሱ ገበያ ከፊቴ አልፎ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ መጣ። ጋሼ ከታች ሆነው «እጅህ ለስላሳ ነው» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ባለቤቱ ከመስቀል በኋላ ሁለተኛ ክሬን እንደሚያስገባ ነገሩኝ። «ለሱ አንተን ነው የማቀርበው» አሉ። ያን ክረምት ሙሉ በዚህች ቃል ነው የኖርኩት። ዝናብ ሲመታኝ፣ ጭቃው ቦት ጫማዬን ሲያወልቅብኝ፣ ከመስቀል በኋላ እያልኩ አለፍኩት።

ግቢው ውስጥ ማሰልጠኛ የተማርነውን ምልክት የሚጠቀም ሰው አልነበረም። ሁሉም ነገር በጩኸትና በፉጨት ነው፤ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ፣ ትንሽ ዝቅ»። አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ፣ ጋሼ አንድ እስር ፌሮ አንሥተው ብረት ከሚያስሩት ፌራዮዎች ራስ በላይ ሲያሳልፉ፣ ዓይኔ በቁልቁለቱ ወገን ካለው የክሬኑ እግር ላይ አረፈ። ጣውላው ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ፣ ክሬኑም እያዘመመ ነው። «ጋሼ» ብዬ ጮህኩ። ኮንክሪት ማቡኪያው ያጓራል፤ የሰማኝ የለም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ሁለት ክንዴ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፣ መዳፌ ወደ መሬት ነው፣ ይወዛወዛል።

ጋሼ ወዲያው አቆሙ። ፌራዮዎቹ ሸሹ። ቦታው ሲለቀቅ፣ በእጄ ቀስ፣ ዝቅ፣ አሁንም ቀስ፣ በቃ አልኳቸው፤ እሳቸውም እያንዳንዱን ተከተሉኝ። ለካ ምልክቱን ያውቁታል። ድሮ መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ የውጭ አገር ሰው አስተምሯቸው ኖሯል። ፌሮው መሬት ሲነካ ከጋቢናው ወረዱ። መጀመሪያ ጣውላውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን።

«እጅህን ማን ነው ያስተማረው?»

መዋሸት አቃተኝ። ማሰልጠኛውንም፣ ምዘናውንም፣ መንጃ ፈቃዱንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ የለኝም እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ መንጃ ፈቃድ የጭነት መኪና ነው። ባለቤቱ ወረቀት ያለው ሰው እዚሁ እንዳለ ቢያውቅ እኔን ምን ያደርገኛል? ልጆች አሉኝ።»

«ጋሼ፣ የርስዎን ወንበር አልፈልግም። ሁለተኛው ሲመጣ ነው...»

«አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ ወንበሩንም ልለቅልህ፣ ለሁለተኛውም ላቀርብህ አልችልም ወንድሜ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ወለምታ የእጅ ነበር፤ እሱም አልታሸልኝም። ዛሬም ሳስበው የሚያንገበግበኝ፣ ያጠፋሁት ነገር አለመኖሩ ነው። ሰው አድኜ ነው ከወንበር የወረድኩት። ፌራዮዎቹ «ማርያም ናት ያተረፈችን» ሲባባሉ ሰማኋቸው፤ ከማርያም ጋር አልከራከርም።

ልብ ብሎ ያየኝ የሕንፃውን ሥራ የሚመራው ፎርማን ብቻ ነው። በማግስቱ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ይዞ መጣና «ከዛሬ ጀምሮ ምልክት ሰጪያችን አንተ ነህ» አለኝ። ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለች። ግቢው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። እናቴ ስለቷን አስገባች። ያን ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን ሴት ልጃቸውን እዚያው ማሰልጠኛ ሊያስገቡ አስበው ኖሮ ቤት ድረስ መጥተው «ትምህርቱ ሥራ ያስገኛል?» ብለው ጠየቁኝ። «ያስገኛል እትዬ» አልኳቸው፤ «ይኸው እኔን አስገኝቶልኛል።» ድምፄ ውስጥ ያለውን ነገር እናቴ ሰማችው መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ ወሬ ቀየረች። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከክሬኑ ሥር ቆሜ አማቻቸው ባዶዋን ባልዲ ሲያነሣ አየሁት። ባልዲዋ እንደ ሰካራም ትወዛወዛለች። ዘወር አልኩ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ጋሼን ታይፎይድ ጣላቸው። የታመሙበት ቀን ደግሞ ሶሌታ፣ ማለትም የወለሉ ኮንክሪት፣ የሚሞላበት ነበር፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ «ነገ እንጨርሰዋለን» የሚባል ነገር የለውም። ፎርማኑ እኔንና አማቻቸውን ጠራን።

«ማን ይነዳል?»

«እኔ» አልኩ። «መንጃ ፈቃድ አለኝ። ምዘናውንም አልፌያለሁ።» ለጋሼ ስል አፍኜ ይዤው ነበር፤ ያን ጠዋት ግን አመለጠኝ።

ፎርማኑ አልተጠራጠረኝም። «ያንተንማ ችሎታ አይተናል» አለ። «አንተ እዚያ ከወጣህ ግን እዚህ ማን ሊቆም ነው? እሱ ምልክት መስጠት አይችልም። አንተ በእጅህ ምራው፣ እሱ ይንዳ።»

«እሱ መንጃ ፈቃድ የለውም።»

«ጋሼስ መቼ አላቸው? ባለቤቱስ ሳያውቅ ቀርቶ ነው?» አለኝ።

ለካ ሁሉም ያውቃል። ባለቤቱም ያውቃል። እኔና ጋሼ ብቻ ነን ስንደባበቅ የከረምነው።

አማቻቸው ጋቢናው ውስጥ ገባ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፤ ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። ግራ ስለው ግራ ነው፣ ቀስ ስለው ቀስ ነው። አንድ ጊዜ፣ የሞላው ባልዲ ሶሌታው ላይ ሊደርስ ሲል፣ ክንዴ ዛለና ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። እጄን ባወርድስ? ደከመኝ ብል ማን ይፈርድብኛል? ያኔ ማን ነጂ እንደሆነ ሁሉም ያየዋል። ነገር ግን ከባልዲው አጠገብ ሰዎች ቦት ጫማ አድርገው ኮንክሪት ውስጥ ቆመው ነበር። አንዱ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ባልዲውን ሳይሆን እኔን። እጄን አላወረድኩም። ሶሌታው ተሞልቶ አለቀ። ፎርማኑ ለባለቤቱ ደወለና፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ ስልክ ውስጥ ላለው ሰው ጋቢናውን በጣቱ እያሳየ፣ «ልጁ ኦፕሬተር ወጥቶታል» አለው።

ጋሼ ተሽሏቸው ተመለሱ። አዲሱ ክሬን መጣ፣ ለአማቻቸው ተሰጠ። የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ፈልጎኝ መጥቶ። ደስ ከማለቱ የተነሣ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ።

«ያላንተ አልሄድም ብያቸዋለሁ» አለኝ። «ምልክት ሰጪዬ እሱ ካልሆነ ክሬኑ ይቅርብኝ አልኳቸው። እሺ አሉ።»

ልሰድበው ነበር። ግን ከልቡ ነው የተናገረው፤ ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ሰኞ ዕለት አዲሱ ግቢ አብረን ገባን። እሱ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ እኔ ፊት ለፊቱ ቆምኩና እጄን አነሣሁ።